በሕፃን ጋሪ ስለተወሰዱት ሃያ ስድስት ዓሣዎች

የምስክር ቃል

የቃል ሰጪ ስም፦ በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ የሰፈረው፤ በሰፈሩ «ልብስ ሰፊዋ» በመባል የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 59
ሥራ፦ ልብስ ማጥበብ፣ ማስፋትና ማሳጠር
አድራሻ፦ ወንዙ ዳር ያለው ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ በስተቀኝ ሁለተኛው በር
ከግል ተበዳይ ጋር ያላት ዝምድና፦ እህት፣ በአባትም በእናትም
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40
ቃሉ የተሰጠበት ቋንቋ፦ አማርኛ፣ ቋንቋውን ለሚናገር መርማሪ

እኔ ቃል ሰጪዋ ስለ ጉዳዩ የማውቀውን እንድናገር በመርማሪው ተጠይቄ፣ ሳልገደድና ሳልደለል በራሴ አንደበት የሚከተለውን ተናግሬያለሁ። ምስክር ነዎት ወይስ ተጠርጣሪ ተብዬ በቅድሚያ ስጠየቅ፣ ያየሁትም ያደረግሁትም እኔው ስለሆንኩ መርማሪው የሚቀለውን እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከረፋዱ 4፡45 ገደማ፣ በምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ከሚገኘው የግል ተበዳይ ፍሪዘር ሃያ ስድስት ዓሣዎች ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መውሰዴ እውነት ነው። የግል ተበዳይ የተባለው ታላቅ ወንድሜ ሲሆን ዕድሜው ስድሳ ሰባት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ወደብ ላይ ክሬን ስለነዳ ያገራችን ሰዎች «ካፒቴን» ይሉታል። መርከብ ነድቶ አያውቅም፤ መዋኘትም አይችልም።

በእኛ ሕንፃና በጎረቤት ሕንፃ ከአንድ አገር የመጣን ሠላሳ የምንሆን ቤተሰቦች እንኖራለን። ወንድሜ ጡረታ ከወጣና ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ፣ ማለትም ላለፉት ስምንት ዓመታት፣ በየቀኑ ባልዲና ዘንግ ይዞ ከተዘጋው የባትሪ ፋብሪካ ሥር ካለው የኮንክሪት ግድግዳ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ያጠምዳል። የያዘውን ለየቤቱ ያድላል። አንድም ቀን ሸጦ አያውቅም። ነገር ግን ዓሣውን በር ላይ ሰጥቶ የሚሄድ ሰው አይደለም። ገብቶ ይቀመጣል፤ እስኪጠበስ ይጠብቃል፤ እስኪበላ ድረስም እንዴት እንደያዘው ይናገራል። በወሬው ውስጥ ዓሣው ከመንጠቆው እስከ ሳህኑ ድረስ ሦስት ጊዜ ያድጋል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግድግዳው አጠገብ ምልክት ተተክሏል። ምልክቱ ላይ ዓሣ ተስሎ በቀይ መስመር ተሰርዟል፤ ከሥሩም ረጅም ጽሑፍ አለ። ወንድሜ የምንኖርበትን አገር ቋንቋ እንደ ውሃ ይናገራል፤ ማንበብ ሲመጣ ግን መነጽሩን ሁልጊዜ ቤት ረስቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ምልክቱ «ዓሣ አልቋል» እንደሚል ለሁላችንም አስረድቶ ነበር። ሌሎቹ አጥማጆች ከዚያ ቦታ መጥፋታቸውንም «ሰነፎች ናቸው፣ የተጻፈውን ሁሉ ያምናሉ» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ከአንድ ወር በፊት እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጤና ቢሮ የተላከች ነርስ በሕንፃችን የጋራ አዳራሽ ሰበሰበችን። ነርሷም ያገራችን ልጅ ናት። እንደ ተናገረችው ከፋብሪካው የወጣ ሜርኩሪ ወንዙ ውስጥ ገብቷል፤ ዓሣዎቹ ውስጥም ተጠራቅሟል፤ በተለይ ትልልቆቹና ሌላ ዓሣ የሚበሉት ብዙ አላቸው። እርጉዞችና ሕፃናት ጨርሶ እንዳይበሉ፣ ነገሩም አንጎልንና ነርቭን እንደሚጎዳ አስረዳችን። ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ። አንዲት ሴት በደንብ ቢጠበስስ ብላ ጠየቀች። ነርሷ በእሳት አይጠፋም አለች። ሎሚ ቢበዛበትስ ተባለ። አይጠፋም። ቆዳው ተገፎ ቢጣልስ? ነርሷ መርዙ ያለው ሥጋው ውስጥ ነው አለች። በመጨረሻ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌዋ ጎረቤታችን፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ እጃቸውን አውጥተው «ብንጸልይበትስ?» አሉ። ነርሷ ጥቂት አሰበችና «ይጸልዩ እማማ፤ ግን አይብሉት» ብላ መለሰች።

በዚያው ቀን ነርሷ ሜርኩሪ በሰውነታችን ውስጥ መኖሩን ለመመርመር ከየሰዉ ጥቂት ፀጉር ቆርጣ በፖስታ አደረገች። ወንድሜ ራሰ በራ ነው። ተራው ሲደርስ ቆቡን አውልቆ «የኔ ፀጉር ወንዙ ሳይመረዝ ነው ያለቀው፤ ምስክር አይሆንሽም» አላት። ነርሷ ጢምም እንደሚበቃ ስትነግረው ጢሙን በመዳፉ ሸፍኖ ከአዳራሹ ወጣ። ያ ጢም ሚስቱ በሕይወት እያለች ታበጥርለት የነበረ ስለሆነ መቀስ አያስነካውም።

አንዲት ልጅ አለችኝ። ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሁለቱም ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ልጄ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ወንድሜ መፀነሷን ከሰማበት ቀን ጀምሮ የያዘውን ትልቁን ዓሣ በአንድ ቀን ልዩነት ለእሷ ያመጣ ነበር። «ለልጁ ጭንቅላት ነው» እያለ በልታ እስክትጨርስ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። ከነርሷ ስብሰባ በኋላም አላቆመም። ልጄም እንዳይከፋው አንድ ሁለት ጉርሻ ትቀምስለት ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ የደንበኛ ሱሪ እያሳጠርኩ ሳለ ልጄ ወረቀት ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆመች። የፀጉሯ ውጤት ነበር። የተገኘባት ሜርኩሪ ከሚፈቀደው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ነርሷ አሁኑኑ ካቆመች መጠኑ በወራት ውስጥ እንደሚወርድ፣ ሕፃኑም ሲወለድ ክትትል እንደሚደረግለት፣ ቀድሞ መታወቁ ደግ መሆኑን ነግራታለች። ልጄ ይህን ስትነግረኝ መርፌው አመልካች ጣቴን ወጋኝ፤ የደንበኛውን ሱሪም በስህተት አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ አገኘሁት። ልጄ «እማዬ፣ ለጋሽዬ እንዳትነግሪው። እኔ ነኝ የመረዝኳት ብሎ ይሞታል» አለችኝ። ጋሽዬ የምትለው አጎቷን ነው። እኔም ለጊዜው ቃል ገባሁላት።

ዓርብ ጠዋት ወንድሜ ሌላ ዓሣ ይዞ መጣ። ልጄ ያቅለሸልሸኛል ብትለው ለማቅለሽለሽ የዓሣ ሾርባ የሚወዳደረው እንደሌለ ነገራት። እኔም ወደ ወጥ ቤት ስቤው፣ ውጤቱን ሳላነሳ፣ «ጋሼ፣ ነርሷ ያለችውን እንስማ፤ ይሄ ዓሣ ይቅርብን» አልኩት። እሱም «ስምንት ዓመት ሙሉ በልቼ ምን ሆንኩ?» አለኝ። ይህን ሲል የያዘው ብርጭቆ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ብርጭቆው አንሸራታች ነው አለ። በዚያ ሰሞን ሌላም ሁለት ብርጭቆ ሰብሮብኝ ነበር። ጣቶቹን እንደ በረደው ሰው ሁልጊዜ ሲያሻቸውም አይቻለሁ፤ ስጠይቀው መንጠቆ ነው፣ እርጅና ነው፣ አንድ ጊዜም የእኔ ሳሙና ነው ብሏል።

ከዚያ በቁጣ ወጥቶ በየፎቁ በር እያንኳኳ እሑድ ምሳ ሁላችሁም አዳራሽ ተጋብዛችኋል ብሎ አዋጅ ነገረ። ፍሪዘር ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠብሶ ሕፃን አዋቂ ሳይል ሊያበላ፣ ሰኞ ጠዋት ሁላችንም በጤና ስንነሳ ነርሷ እንድታፍር ፈልጎ ነው። ሰዉም ነርሷን ሰምቷት ነበር፤ ግን ካፒቴንን እምቢ የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። የስምንት ዓመት ውለታ አለበት። እኔም ሌሊቱን ሳስብበት እንዳደርኩ መርማሪው ይገነዘባል።

ቅዳሜ ወደ ምድር ቤት የወረድኩት ወንድሜ ራሱ ለክፉም ለደጉም ብሎ የሰጠኝን ትርፍ ቁልፍ ይዤ ነው። ለምን በከረጢት እንዳልወሰድኩ ተጠይቄ፣ የወንድሜ መስኮት ከዋናው በር በላይ ስለሆነና እሱም ማጥመድ ባልሄደበት ሰዓት ከዚያ መስኮት ስለማይነሳ፣ ከረጢት ይዤ ባልፍ ምንድን ነው ማለቱ እንደማይቀር አስረድቻለሁ። አማቼ ለሚወለደው ልጅ የገዛው አዲስ ጋሪ እዚያው ምድር ቤት ተቀምጦ ነበር። ዓሣዎቹን ጋሪው ውስጥ ደረደርኩ። ከላይ በእጄ የሰፋሁትን የሕፃን ብርድ ልብስ አለበስኳቸው፤ ኮፈኑን ወደ ፊት ሳብኩት።

ከዋናው በር እንደ ወጣሁ እማማ ከገበያ ሲመለሱ ተገናኘን። ጋሪውን አይተው የያዙትን ሽንኩርት መሬት ጣሉና «እንኳን ማርያም ማረቻት! መቼ ነው?» አሉ። እኔም «ዛሬ ጠዋት» አልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ወንድ ነው ሴት ብለው ጠየቁኝ። ገና አልለየንም አልኩ። ወደ ጋሪው ጎንበስ ሲሉ ተኝቷል ብዬ ከለከልኳቸው፤ ግን እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አሳርፈው «ኧረ ይሄ ልጅ በረዶ ሆኗል!» ብለው ደነገጡ። «በአባቱ ወጥቶ ነው» አልኳቸው። በዚህ ንግግሬ አማቼን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። በዚህ መሀል ከጋሪው ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እማማም «ሸና! የተባረከ!» ብለው ሕንፃው እስኪሰማ እልልታቸውን አቀለጡት።

ወንድሜ መስኮቱን ከፍቶ ምን ተገኘ አለ። እማማ «የእህትህ ልጅ ተገላገለች!» አሉት። እኔ ጋሪውን እየገፋሁ ጥያቸው ሄድኩ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ወንድሜ በካልሲው አራተኛ ፎቅ ሮጦ ወጥቶ ልጄን ከነሆዷ ቆማ ዳቦ ስትበላ አገኛት። ሆዷን ካየ በኋላ፣ ቀጥሎ የሮጠው ወደ ፍሪዘሩ ነው።

ከሕንፃችን ሁለት መንገድ አልፎ ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ አለ። እዚያ የደረስኩት 5፡15 ገደማ ይመስለኛል። ዓሣዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እጅ ያቃጥሉ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሰባት የሚሆኑትን በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ፣ በሁለት እጄ ታቅፌ፣ ገንዳው ውስጥ ጣልኩ። በዚህ ጊዜ ውሻ እያንሸራሸረ የነበረ አንድ የማላውቀው ሰው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ጮኸ። እኔ ዓሣ እዚህ መጣል ክልክል ነው የሚለኝ መስሎኝ፣ በተሰባበረ ቋንቋዬ «ተመርዟል፤ ስለዚህ ነው የምጥለው። ጋሪው ውስጥ ሌሎችም አሉ» ብዬ ላረጋጋው ሞከርኩ። ሰውየው አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። ተቀምጦም ስልኩን አወጣ።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት የፖሊስ መኪናና አንድ አምቡላንስ ደረሱ። አንዲት ወጣት ፖሊስ ጓንት አጥልቃ ገንዳው ውስጥ ገባች። ፊቷ ነጭ ሆኖ ነበር። ብርድ ልብሱን ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ ገለጠችው። ዓሣው አፉን ከፍቶ ነበር። ፖሊሷ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያ ገንዳው ውስጥ ሆና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ስለተለወጠባት ባልደረቦቿ ደግፈው አወጧት። ያን ያህል ሰው እንዳስደነገጥኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አሁንም ለወጣቷ ፖሊስና ውሻ ላለው ሰውዬ ከልቤ አዝናለሁ።

ወዲያው ወንድሜ በካልሲው እየሮጠ፣ እማማ ከኋላው፣ ልጄ ደግሞ ሆዷን ደግፋ ከእማማ ኋላ መጡ። ወንድሜ ፖሊሶቹ ከገንዳውና ከጋሪው አውጥተው መንገዱ ላይ የደረደሯቸውን ዓሣዎች አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ በእጁ እኔን እያሳየ በፖሊሶቹ ቋንቋ ይህች ሴት ሌባ ናት፣ ይመዝገብልኝ አለ። ይህ መዝገብ የተከፈተው በዚያች ቃል ነው። ከዚያ በአማርኛ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔን ብትሰርቂኝ ግድ የለም። የሰው ምሳ ትሰርቂያለሽ?»

«አዎ ሰርቄያለሁ፤ ደግሞም እሰርቃለሁ!» አልኩት።

«በእኔ ላይ ከነርሷ ጋር ማበርሽ ነው?»

ልጄ በዚህ መሀል ገባች። ጮክ ብላ አልተናገረችም። «ጋሽዬ፣ የኔ ውጤት መጥቷል» አለችው። ወረቀቱ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ አውጥታ ሰጠችው። ወንድሜ እንደ ልማዱ መነጽሬን ረስቻለሁ አለ። እሷም አነበበችለት። አንብባ ስትጨርስ እሱ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እርጥብ ካልሲውን እያየ «በየሁለት ቀኑ… ትልቁን ትልቁን እየመረጥኩ» አለ። ልጄ አጠገቡ ለመቀመጥ ሞክራ ሆዷ አላስችል ስላላት ትከሻውን ይዛ ቆመች።

ፖሊሶቹ ክሱን ይፈልጉታል ወይ ብለው ሲጠይቁት ተነስቶ ሌላ ነገር ጠየቃቸው። በዚያው ሳምንት ለሰባት ቤት ዓሣ አድሎ ነበር፣ ከተበላው የተረፈውም ገና በየቤቱ ነበር፤ ብቻውን ሄዶ መልሱልኝ ቢል ቀልድ ነው ብለው እንደሚስቁበት፣ ስለዚህ ፖሊስ አብሮት እንዲሄድ ለመናቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው ስለማያውቅ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ወጣቷ ፖሊስ እሺ አለች።

ስለዚህ ወንድሜ በሁለት ፖሊሶች መሀል ሆኖ ሕንፃችን ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ ታሰረ ብሎ ደረጃው ላይ ተኮለኮለ። አንዱ «ምን አጠፋ? ሰው ከማብላት ሌላ ምን በደለ!» ብሎ ፖሊሶቹ ላይ ጮኸ። ወንድሜም «እሱ ነው በደሌ፤ አምጡ» አለው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ዓሣ ከሱቅ የተገዛ ነው ብሎ ካደ። ወንድሜ ዓሣውን ገልብጦ አፉን ከፈተና መንጠቆው የቀደደበትን አሳየው፤ ሠራተኛውም ዓሣውን አስረከበ። እማማ ምንም የለኝም ብለው በር ላይ ቆሙ፤ ነገር ግን የምድጃቸው ሽታ እስከ ሊፍቱ ድረስ ይመሰክርባቸው ነበር። ሁለቱ ምድጃ ውስጥ ተገኙ፤ ሦስተኛው መጥበሻ ላይ ነበር፤ አራተኛው ላይ እማማ ተቀምጠውበት ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ምክንያቱም ከሶፋው ሊነሱ አልፈቀዱም። በኋላ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እኔ ነኝ የሰጠሁዎት፤ እኔው ልውሰደው። አጥፍቻለሁ» ሲላቸው ተነሱ። በጠቅላላ አሥራ አንድ ዓሣ ተሰብስቦ ገንዳው ጋ ከቀሩት ጋር የጤና ቢሮው መኪና መጥቶ ወሰደው። የእሑዱ ምሳም ቀረ።

ወንድሜ ትናንት ሰኞ ጠዋት በገዛ እግሩ ነርሷ ዘንድ ሄዶ የጢሙን የቀኝ ጫፍ አስቆረጠ። ውጤቱ ገና ነው። ስለ ጣቶቹ መደንዘዝ ሲነግራት ነርሷ ዝም ብላ የሐኪም ቀጠሮ ያዘችለት። ዝም ማለቷን አልወደድኩትም፤ እሱ ግን ጢሙ በአንድ በኩል አጭር ሆኖ በሌላው ረጅም በመሆኑ ብቻ ነው የሚያዝነው።

ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ወንድሜ ነው፤ ግን አልገባም። ምነው ስለው «ምንም አልያዝኩም» አለኝ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ይከታቸዋል፣ አንዴ ያወጣቸዋል። «ማን ያዝ አለህ፣ ግባ እንጂ ብርዱን አስገባኸው» አልኩት። ገብቶ ተቀመጠ። ልጄ እንቁላል ጠበሰችለት። እንቁላሉን እሱ ስላልያዘው የሚያወራው አጣና መጀመሪያ ዝም ብሎ በላ። ቆይቶ ግን ክሬን ላይ ሲሠራ አንድ ቀን ነፋስ እንዴት አየር ላይ እንዳሽከረከረው፣ ታች የቆሙት ሠራተኞች ቆባቸውን አውልቀው እንደ ተሰናበቱት ነገረን። በስምንት ዓመት ሰምቼው የማላውቀው ታሪክ ነው። ልጄ ሳቅ አፍኗት ሹካዋን አስቀመጠች። እስከ ምሽት 12 ሰዓት ተቀመጠ።

ዛሬ እዚህ የመጣው ክሱን ለማንሳት መሆኑን ነግሮኛል። አሁንም ኮሪደሩ ላይ ሆኖ እየጠበቀኝ ነው። በቃሌ ላይ የምጨምረው ካለ ተብዬ በመጨረሻ ስጠየቅ እንዲህ ብያለሁ። ወንድሜን ይቅርታ ጠይቂ ብባል ስለ ሃያ ስድስቱ ዓሣዎች አልጠይቅም። እሱም እኔን እንዲጠይቀኝ አልፈልግም። ልጄ የበላችውን ዓሣ እሱ አጥምዶታል፤ አንዱንም ሳይቀር የጠበስኩት ግን እኔ ነኝ፤ ብዪ ልጄ ያልኩትም እኔ ነኝ። በመዝገቡ ላይ የእሱ ስም ካለበት የእኔም አጠገቡ እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ።

ቃሌ ቃል በቃል ተነቦልኛል። ሁለት ቦታ ላይ ስቄያለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ አስቁሜ ውሃ ጠጥቻለሁ፤ ሐሰት ግን አላገኘሁበትም። እውነት ለመሆኑ ከታች ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡25